ያልነካኝ ጥጥ

ሰው ሲጠይቀኝ እሱን ደስ የሚያሰኘውን የመመለስ ልማድ አለኝ። ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ። አስተማሪ «ገባችሁ?» ሲል ሳይገባኝ «አዎ» እል ነበር። ሰው ቤት ሄጄ «ጨምሪ እንጂ» ሲሉኝ እየራበኝ «ጠገብኩ» እላለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ መጻፍም ብዙ አልለመድኩም። ነገር ግን ይህ ልማድ ከሕመሜ ጋር ተደባልቆ እጄንም ሰውንም ሊያሳጣኝ ስለነበር፣ እንደ እኔ አፍራ ዝም የምትል ሌላ ሴት ካለች ታንብበው ብዬ ጻፍኩት።

ቤታችን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ከገበያው ጀርባ ነው። ወላጆቼ ከጨንቻ ተራራ ወርደው የሰፈሩ ናቸው። አባቴ ሸማኔ ነበር። እሱ ሲሞት የሽመናው ዕቃ ላይ ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ ተቀመጠ። በእኛ ዘንድ ወንድ ይሸምናል፣ ሴት ትፈትላለች። እናቴና እኔ የፈተልነውን ማርቆስ ጋቢና ነጠላ ያደርገዋል። የእኔ ፈትል ቀጭን ነበር፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት። «የአለሚቱን ክር ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» ይል ነበር ማርቆስ። ሰው ፊት ቀና ብዬ ለማላወራው ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ሕመሜን ከእኔ ቀድሞ የደረሰበት እሱ ነው። አንድ ቀን የሰጠሁትን ክር እየዳበሰ፣

«ይሄ ያንቺ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እዚህ ጋ ገመድ፣ እዚህ ጋ የሸረሪት ድር። ሐሳብሽ የት ነው? ባል አገኘሽ እንዴ?»

ሳቅሁ። እንዝርቱ ከጣቴ እየወጣ እንደሚያስቸግረኝ አልነገርኩትም። እንዝርት የሚሽከረከረው በጣት ጫፍ ጉልበት ነው፤ የእኔ ጣቶች ያንን ትንሽ ጉልበት እያጡ ነበር። የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ ደንዝዘው የሌላ ሰው መሰሉኝ። ክርኔ አጠገብ፣ ከውስጥ በኩል፣ ባቄላ የምታክል እብጠት ነበረች። እሷ አዲስ አልነበረችም። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የዴስኩ ጠርዝ ሲነካት ከወንበሬ እዘል ነበር፤ ኤሌክትሪክ የያዘኝ ያህል እስከ ጣቴ ጫፍ ትነዝረኛለች። ለማንም አልነገርኩም። ሁሉም ሰው አንዳንድ ነገር ሰውነቱ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ጊዜ ቤታችን ኀዘን ላይ ነበር። የማርቆስ ሚስት አስቴር የመጀመሪያ ልጇ በሦስት ወሩ አርፎባታል። አስቴር ኩልፎ ወንዝ ዳር ካሉት የሙዝ ማሳዎች ሙዝ እያመጣች ገበያ የምትሸጥ፣ ሳቋ ከመንገድ የሚሰማ ሴት ናት። ቤታችን ስትገባ የመጀመሪያ ጓደኛዬ ሆነች። «ዝምታሽን በኪሎ ብንሸጠው እኮ ከሙዝ ይሻል ነበር» እያለች ታስቀኛለች። ልጁ ከሞተ በኋላ ሳቋ ጠፋ። ማታ ማታ አጠገቧ ቁጭ እል ነበር። 

እጄ ሲብስ እናቴ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። «ሪህ ነው» ብለው ኪኒን ሰጡኝ። ኪኒኑ ሲያልቅ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን፤ ደም ወሰዱና «ታይፎይድ» አሉ። ቀጥሎም ለነርቭ ይሆናል የተባለ የቫይታሚን መርፌ ተወጋሁ፤ መርፌው የሚያምበት ቀን ከእጄ ሕመም ይልቅ መርፌውን ስለማስብ ትንሽ የተሻለኝ መሰለኝ። በየሄድኩበት «ሌላ የሚያምሽ ቦታ አለ?» ይሉኛል። «የለም» እላለሁ። እብጠቷን ለማሳየት እጅጌዬን እስከ ላይ መሰብሰብ ነበረብኝ፤ የሚመረምሩኝ ደግሞ ወጣት ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ በእነሱ አልፈርድም። ያልታየ ነገር እንዴት ይታወቃል?

መድኃኒቱ እንቢ ሲል እናቴ ተራራው ትዝ አላት። እናቴ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አትቀርም፤ ግን ያደገችበት ነገር አልጠፋባትም። በእኛ አገር «ጎሜ» የሚባል አለ። ሰው ያልተፈቀደ ነገር ካደረገ መዘዙ በሕመም ይመጣል ይባላል፤ ያጠፋውን በሰው ፊት አውጥቶ እስኪናገር አይለቀውም። የአባቴን ታላቅ ወንድም አስጠራች። እሳቸው ከጨንቻ ወርደው መጡ፤ ጎረቤትም ተጠራ። ስምንት ዘጠኝ ሰው ቤታችን ውስጥ ተደርድሮ ተቀመጠ። አጎቴ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣

«ልጄ፣ ያለብሽን አውጪው» አሉኝ። «ማንም አይቆጣሽም። ሲወጣ ይቀልሻል።»

የማወጣው አልነበረኝም። ከጠዋት ጀምሮ ተቀመጥን። እናቴ ታለቅሳለች። ሰው ይተነፍሳል፣ ያስላል፣ እግሩን ይዘረጋል። ምሳ ተሠርቶ ቀርቦ ቀዘቀዘ። ፀሐይዋ ከበሩ ወደ ግቢው መሐል ሄደች።

«የሰው ነገር ወስደሻል?»

«አልወሰድኩም።»

«እናትሽን ሰድበሻል?»

«አልሰደብኩም።»

«በልብሽም ቢሆን። በልብ የተያዘ በእጅ ከተሠራው ይብሳል።»

ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነበር። ሰው ሲያየኝ አንገቴ ይግላል፣ ጆሮዬ ይጮኻል። ይህ ሁሉ ሰው በእኔ ምክንያት ሥራ ፈትቶ፣ በእኔ ምክንያት ርቦት ተቀምጧል። የሚበቃቸውን አንድ ነገር ብሰጣቸው እንደሚነሱ ገባኝ። የሚበቃው ምንድን ነው ብዬ አሰብኩ። ቤቱን ሳይ አስቴር በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

«አስቴር ስታረግዝ ቀናሁ» አልኩ። «በልቤ፣ አይደግላት ብያለሁ።»

ውሸት ነበር። ቀንቼባት አላውቅም። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ልጁ ትዝ ያለኝ። ሰዎቹ በአንድ ላይ «እህ» ብለው ተነፈሱ። እርጥቡ ሣር ራሴ ላይ ተደረገ፣ ተመረቅሁ፣ ምሳው ዳግመኛ ሞቀ። አስቴር ግን መቀመጫዋ ላይ አልነበረችም። በየትኛው ደቂቃ እንደወጣች አላየሁም።

አሁን ከሁሉም የባሰውን ልንገራችሁ፤ ተሻለኝ። እናቴ «ዕረፊ» ብላ አንድ ወር ሙሉ እንዝርት አላስነካችኝም። ክርኔን ሳላጥፍ፣ ሳልሠራበት ስለቆየሁ ንዝረቱ ቀነሰ። ይህን አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ሁሉም ሰው «አያችሁ? ሲወጣላት ለቀቃት» አለ። መዳኔ ማስረጃ ሆነብኝ። አስቴር አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ስንገናኝ ቆም ብላ፣

«ተሻለሽ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አላነጋገረችኝም።

አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ውኃ እየቀዳን ነበር የምንኖረው። ጨው ሲያስፈልጋት «ለአለሚቱ ይንገሩልኝ» ብላ በእናቴ በኩል ታስጠይቃለች፤ እኔ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜ። ማርቆስ አልተቆጣኝም፤ ግን የክሬ ነገር ቀርቶ ሌላም ቀልድ አቆመ። ወር ሞልቶ ስፈትል ሕመሙ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ሰፈሩ «ያስቀረችው አለ» አለ። ልጅ ያላቸው ሴቶች በአጠገባቸው ሳልፍ ልጃቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ክፉ ሴቶች አልነበሩም። ልጃቸውን መጠበቃቸው ነው። በራሴ አፍ የነገርኳቸውን ነው ያመኑት። አስቴር ሴት ልጅ ስትወልድ ሕፃኗን ያየኋት ከመስኮት ነው። ማንም አትግቢ አላለኝም፤ ማንም ግቢ አላለኝም።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን የአባያ ሐይቅ ከሩቅ ወደሚታይበት ከፍታ ሄጄ እቀመጥ ነበር። እጄን አየዋለሁ። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሐል ያለው ሥጋ ሟሙቶ ጎድጓዳ ሆኗል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ ወደ ውስጥ ታጥፈው አልዘረጋ አሉ። አንዳንዴ «ምናልባት እውነት በልቤ ብዬው ይሆን?» እላለሁ። ሰው ብቻውን ረጅም ጊዜ ሲቀመጥ የራሱን ውሸት ማመን ይጀምራል።

ወደ ትክክለኛው ሐኪም የወሰደኝ ቃጠሎ ነው። ድስት ሳወርድ ትንሿ ጣቴ እሳቱ ላይ ነበረች፤ ያወቅሁት ሥጋ ሲቃጠል ሲሸተኝ ነው። ቁስሉን ያጠበችልኝ ነርስ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ነበረች። «አልተሰማሽም?» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ እጅጌዬን ወደ ላይ ገፋችው። እብጠቷ ያኔ ትንሽ ሎሚ ታክላለች። በጣቷ ጫፍ መታ ስታደርጋት እጄ በራሱ ዘለለ። «ይሄ ሪህ አይደለም፣ የኔ ልጅ» አለች። እሷ ወደ ሆስፒታል ላከችኝ፤ ሆስፒታሉ ደግሞ «እዚህ መሣሪያው የለንም» ብሎ ወደ አዲስ አበባ ጻፈልኝ።

ማርቆስ ለበዓል ያስቀመጣቸውን ጋቢዎች ሸጦ ይዞኝ ሄደ። ሽሮ ሜዳ ካሉት ሸማኔ ዘመዶቻችን ዘንድ አስቀምጦኝ በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራው ተመለሰ። ቀጠሮዬ ከብዙ ሳምንት በኋላ ነበር። ቀጠሮው ሲደርስ ብቻዬን ሄድኩ። የመጠበቂያው አግዳሚ ላይ ሰው ሁሉ አስታማሚ አለው፤ አንዱ ካርድ ይይዛል፣ አንዱ ውኃ ይገዛል። እኔ ሽንት ቤት ብሄድ ተራዬ ያልፋል ብዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልተነሣሁም። አማርኛዬም ያሳፍረኝ ነበር፤ ሳወራ «አንተ» እና «አንቺ» ይምታታብኛል፤ ሰዎች ዞር ብለው ያዩኛል።

የመረመረችኝ መነጽር ያደረገች ሴት ሐኪም ናት። ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ትንሽ ጥጥ ቆንጥራ ጫፉን አሾለችው። ጥጥ ሳይ ደስ አለኝ፤ የማውቀው ነገር ነው።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችኝ። «ጥጡ ሲነካሽ ‹አዎ› በይ። ካልነካሽ ዝም።»

ጨፈንኩ። አውራ ጣቴ ላይ ነካችኝ። «አዎ» አልኩ። ሌባ ጣቴ ላይ። «አዎ።» ከዚያ ምንም አልተሰማኝም። ግን ተራው እንደደረሰ ገመትኩ፤ ትንሿ ጣት ላይ ይሆናል ብዬ «አዎ» አልኩ። ትንሽ ቆየሁና «አዎ»። እንደገና «አዎ»።



«አለሚቱ፣ ዓይንሽን ግለጪ።»

ስገልጥ ሁለት እጆቿ ጭኗ ላይ ነበሩ። ጥጡ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ሦስት ጊዜ ‹አዎ› አልሽ» አለችኝ። «አልነካሁሽም እኮ።»

አንገቴ ጋለ። ወለሉን አየሁ።

«ለምን አልሽ?»

«እንዳይከፋዎት።»

አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። «እኔን ደስ ለማሰኘት የምትመልሺልኝ ከሆነ እኔ በደስታ የተሳሳተ ነገር እጽፋለሁ። ቀዶ ሐኪሙ ደግሞ እኔ የጻፍኩትን አይቶ ይቀድዳል። የሚጎዳው የማን እጅ ነው?»

«የእኔ።»

«በይ እንደገና እንጀምር።»

ማልቀስ ጀመርኩ። ያለቀስኩት ስለ ጥጡ አልነበረም። ቤታችን ውስጥ የተደረደሩት ሰዎች፣ የቀዘቀዘው ምሳ፣ በሩ አጠገብ የነበረችው አስቴር ዓይኔ ላይ መጡ። ያኔም ምንም ሳይነካኝ «አዎ» ነበር ያልኩት። ሶፍት ሰጠችኝ፤ እንደገና ጀመርን። ከትንሿ ጣቴ እስከ አንጓዬ ድረስ ምንም አልተሰማኝም፤ ምንም አላልኩም።

ቀጥሎ የነርቭ ምርመራ ነበር። ስለዚህ ምርመራ ማንም አልነገረኝምና እኔ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ክንድ ላይ በኤሌክትሪክ ይነዝሩሻል፤ ጣትሽ ሳታዢው ይዘልላል። እሱ ይቻላል። ከዚያ ቀጭን መርፌ ጡንቻሽ ውስጥ ከትተው፣ መርፌው እዚያው እያለ «ጨብጪ፣ ልቀቂ» ይሉሻል። ማሽኑ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይጮኻል፤ የሚጮኸው የራስሽ ጡንቻ ነው። የእኔ ዝናብ ትንሿ ጣት ጋ ሲደርስ ካፊያ ሆነ።

«ያማል?» አለችኝ።

«ያማል።»

«በጣም?»

«በጣም ያማል።»

«ጎበዝ!» አለችኝ። አሞኛል በማለቴ ሰው ሲያመሰግነኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ኤም አር አይ የሚሉትንም ተነሣሁ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝተሽ ሰው ከውጭ በመዶሻ የሚደበድበው ይመስላል፤ ግን አያምም። ውጤቱ ሲመጣ ከነርቭ ሽፋን ላይ የሚበቅል እጢ ነው ተባለ። ካንሰር አይደለም። ክርኔ ላይ አንድ ትልቅ፣ ብብቴ አጠገብ ሁለት፣ ጭኔ ላይ አንድ ትንሽ። ሐኪሟ እያስረዳችኝ ሳለ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ጠየቅሁ።

«በክፉ ሐሳብ ይመጣል?»

«በሐሳብ ቢመጣ ኖሮ አዲስ አበባ ውስጥ እጢ የሌለው ሰው አይገኝም ነበር» አለች። ከዚያ ፊቴን አይታ ቀልዱን ተወችው። «አይመጣም። ይሄ ቀስ እያለ ነው የሚያድገው። መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አምስተኛ ክፍል ሳለሁ።»

«ያኔ ነበረ ማለት ነው።»

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ማርቆስ አስቴርን አያውቃትም ነበር።

ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ሆስፒታል ተኛሁ። አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ከጎጃም የመጡ አንድ እናት ነበሩ፤ ጠያቂያቸው ብዙ ነው፣ ቀልዳቸውም። ከምግባቸው እያካፈሉኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ አዞ ከሚውልበት አገር መጥተሽ መርፌ ትፈሪያለሽ?» ይሉኛል። የእኔ ጠያቂ ከሽሮ ሜዳ አንድ ቀን መጥቶ ነበር። የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፤ ሴትዮዋ ገብቷቸው መሰለኝ አንድ ቀን ለልጆቻቸው «ይቺንም ሰላም በሏት፣ ግድግዳውን ብቻ ነው የምታውቀው» አሏቸው። ስድስት ሰው ተራ በተራ ጨበጠኝ። ይህን አልረሳውም።

የክርኔንና አንዱን የብብቴን እጢ አወጡልኝ። ሁለተኛውን ቢነኩት እጄ ሙሉ በሙሉ ይሰናከላል ብለው ተዉት፤ የጭኔም አለ። በየጊዜው ይታያሉ። ስለዚህ ድኛለሁ አልልም። ንዝረቱ ጠፍቷል፤ ጣቶቼ ግማሽ ይዘረጋሉ፤ የጥጥ ድብልብል እየጨበጥኩ አለማምዳቸዋለሁ። ወፍራም ክር እፈትላለሁ፤ ቀጭኑ አልተመለሰም።

አገሬ ስመለስ እናቴን «ያን ቀን የተናገርኩት ውሸት ነው፤ አጎቴ ይምጡና በሰው ፊት ልንገር» አልኳት። ደነገጠች። «የወጣ ነገር ተመልሶ አይገባም። ድነሽ መጥተሻል፤ እባክሽ አትቀስቅሺው» አለችኝ። አጎቴም በሰው በኩል «ሁለተኛ አልሰማም» አሉ። ሰፈሩ ደግሞ ቀዶ ሕክምናውንም ለዚያ ቀን ነው የቆጠረው፤ ስለተናገረች መንገድ ተከፈተላት አሉ።

አስቴርን ኩልፎ ዳር ሄጄ አገኘኋት። የሙዝ ዘለላ ጋሪ ላይ እየጫነች ነበር።

«አስቴር፣ ያን ቀን ያልኩት ውሸት ነው።»

ዞር አላለችም። «የቱ?»

«አይደግላት ብዬ አላውቅም። ቀንቼብሽ አላውቅም። ሰዎቹ እንዲነሡ ብዬ ነው።»

«እንዲነሡ?»

«ርቧቸው ነበር።»

ያኔ ዞረች። «ምሳቸው እንዳይቀዘቅዝ ልጄን ሰጠሻቸው?»

«አዎ» አልኩ። ይህኛው «አዎ» እውነት ነበር።

«አራት ዓመት አንቺን እየረገምኩ ነው የተኛሁት» አለች። «አንዳንዴ ትዋሻለች እል ነበር። ግን አንቺ ካልሆንሽ ማንን ልርገም?»

መልስ ፈጥሬ አልሰጠኋትም። የመጨረሻውን ዘለላ ጫነችና ጋሪውን ተከትላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እንደ በፊቱ ነበር። ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ልጃቸውን ይሸፍናሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ጥጥ ስጨብጥና ስለቅቅ አስቴር መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «አሳዪኝ» አለች። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ጠባሳውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ክርኔን ያዘችና በአውራ ጣቷ ጠባሳው ላይ ተጫነችኝ፤ በኃይል፣ አራት ዓመቷን ሁሉ ይዛ።

«ያምሻል?» አለችኝ።

የትኛውን መልስ እንደምትፈልግ ከፊቷ ላይ ማንበብ አልቻልኩም። ለማንበብም አልሞከርኩም።

«ያማል» አልኳት።

አውራ ጣቷን አላላች። ክርኔን ግን አልለቀቀችውም።